የጭቃ ጎማ፣ ፖርቶመጋላ እና የናፍጣ ሒሳብ

ናፍጣ በሊትር መቶ ብርን ከተሻገረ ወዲህ ፒክ አፕ የሚነዳ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆኗል። «ያንቺ በሊትር ስንት ይሄዳል?» ማደያ ሰልፍ ላይ ይጠይቁኛል። ጎሚስታ ቤት ይጠይቁኛል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ተጠይቄ አውቃለሁ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ በየትኛው ጎማ?

መኪናዬ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ደብል ጋቢና፣ 2.4 ናፍጣ፣ ሰዉ «ሪቮ» የሚለው። ሥራዬ የሶላር ውኃ ፓምፕ መሸጥና መግጠም ነው። ደንበኞቼ በብዛት መቂና ባቱ (ዝዋይ) ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መንገዴ ሁለት ዓይነት ነው። እስከ ባቱ ድረስ ፈጣኑ መንገድ። ከዚያ በኋላ በማሳ መሃል የሚያልፍ የአፈር መንገድ፤ በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ ጭቃ።

መኪናውን የገዛሁት ያገለገለ ነው። የበፊቱ ባለቤት «አሳምሬዋለሁ» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ማሳመሩስ እውነት ነው። 285/70 አር17 የጭቃ ጎማ አስገብቶለታል። ሁለት ኢንች ያህል ከፍ አስደርጎታል። ጣራው ላይ የብረት ፖርቶመጋላ ከነረጅም መብራቱ ጭኖበታል። ፊት ለፊት ደግሞ የብረት ፓራውልት አለው። ቦሌ ላይ ሲታይ ግርማ ሞገሱ ሌላ ነው። ማደያ ሲደርስ ግን ጠጪ ነው። አዲስ መኪና ልግዛ እንዳልል ዘመኑ አይፈቅድም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገበያው የሚታወቅ ነው፤ ያለውን መኪና ማስተካከል ይሻላል። ስለዚህ የተጨመረበትን ነገር አንድ በአንድ እያወለቅሁ ለካሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው የዚያን ውጤት ነው።

ከሁሉ በፊት ቆጣሪው። እሱን ሳያስተካክሉ ስለ ፍጆታ መከራከር ከንቱ ድካም ነው። መኪናው ርቀት የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ በመቁጠር ነው። አንድ ዙር ስንት ሜትር እንደሆነ ፋብሪካው አስቀድሞ ነግሮታል። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። ለመኪናው ግን ማንም አልነገረውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የእኔ ሃይሉክስ የፋብሪካ ጎማ 265/65 አር17 ነው። 265 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 ማለት ደግሞ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 172 ሚሊ ሜትር ገደማ። እሱን ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ደምሩ። 17 ኢንቹን ቸርኬ ጨምሩበት። ጠቅላላ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 285/70 አር17 በዚሁ ስሌት 831 ይደርሳል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲል በእውነት 107 ተሄዷል። ስልኬ ላይ ካለው ጂፒኤስ ጋር አመሳከርኩት፤ ገጠመ።

አሁን ይህ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። መኪናው እንደተገዛ፣ ምንም ሳይወልቅ፣ ቆጣሪው 460 ኪሎ ሜትር አለ። ታንኩን ስሞላ 54 ሊትር ገባ። ሲካፈል በሊትር 8.5 ነው። ሰው ይህን ይዞ ነው «ትልቅ ጎማ ገደለኝ» የሚለው። የተሄደው መንገድ ግን 492 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 9.1 ማለት ነው። ከጉዳቱ ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል የቆጣሪው ውሸት ነው።

በነገራችን ላይ ያገለገለ ፒክ አፕ ለምትገዙ ይህ ሌላ ትርጉም አለው። ትልቅ ጎማ አድርጎ ለዓመታት የሮጠ መኪና ቆጣሪው ላይ ከሚታየው በላይ ሮጧል። 100 ሺህ የሚለው 107 ሺህ ሊሆን ይችላል። ዋጋ ስትከራከሩ አንሱት። ደላላው ባይወደውም አንሱት።

ስለ አለካኩም አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባቱ 1,640 አካባቢ ናት። ስትሄዱ ከ700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ያን ያህል መልሶ ለመውጣት ከአንድ ሊትር በላይ ናፍጣ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ባቱ ሲወርድ ብቻ የለካ ሰው መኪናውን ጀግና ያደርገዋል። ሲመለስ ብቻ የለካ ደግሞ ጋራዥ ይወስደዋል። ደርሶ መልስ ነው መለካት ያለበት። አንድ ማደያ፣ አንድ ማሽን፣ ማቆሚያው ራሱ ቀጭ እስኪል። የምንከፍለው በቴሌብር ስለሆነ ሒሳቡ ስልኬ ላይ ይቀራል። ጭነቱንም በተቻለኝ መጠን አንድ ዓይነት አደርጋለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የፍጆታ ቁጥር አላምነውም፤ እሱም የተሳሳተውን ርቀት ይዞ ነው የሚያሰላው።

መጀመሪያ የወለቀው ፖርቶመጋላው ነው። ምክንያቱም ነፃ ነው። ቁልፍና አንድ የሚረዳ ልጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ውጤቱ 9.8 ሆነ። ከ9.1 ወደ 9.8፣ ባዶ ብረት በማውረድ ብቻ። እኔ ፈጣኑ መንገድ ላይ ከ100 እስከ 110 ነው የምነዳው። በዚህ ፍጥነት ከጎማ ይልቅ ነፋስ ነው ነዳጅ የሚበላው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ስለ ትልልቅ የጣራ ሳጥኖች ያወጣው ቁጥር አለ። ከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ አውራ ጎዳና ላይ ከ6 እስከ 17 በመቶ፣ ከ105 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት ደግሞ ከ10 እስከ 25 በመቶ ቅናሽ ያመጣሉ ይላል። የእኔ ክፍት ብረት ስለሆነ ከዚያ ቀለል ይላል። ደግሞ አንድ ዕድል አለን። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ነፋሱ መኪናውን የሚገፋበት ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጅቡቲ ድረስ የሚወርዱ ሰዎች ግን ይህን ዕድል እየጣሉ ነው የሚወርዱት።

ፖርቶመጋላ ይዞ ከተማ ለከተማ የሚዞር ሰው አይገባኝም። ሶላር ፓነል ስጭን እመልሰዋለሁ። ሳወርድ አወልቀዋለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ቀጥሎ ዋናው፣ ጎማው።

የጭቃ ጎማ አራት ነገር ነው የሚያስከፍለው። አንደኛው ክብደቱ ነው። ጎሚስታው አውልቆ ሲያነሳው ወገቡን ያዘ። ከፋብሪካው ጎማ ጋር ሲተያይ በአንዱ ጎማ ሰባት ስምንት ኪሎ ይበልጣል። ይህ ክብደት ጣራ ላይ እንደተጫነ ክብደት አይደለም። የሚሽከረከር ነው። በተነሳችሁ ቁጥር ማዞር አለባችሁ፣ በቆማችሁ ቁጥር ፍሬኑ ማቆም አለበት። በቦቲ ጫማ እንደመሮጥ ነው። ለዚህ ነው ትልቅ ጎማ ከፈጣኑ መንገድ ይልቅ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው መጨናነቅ የሚጎዳው። ፍሬኑም ላይ ይታወቃል፤ እግሬ ጠበቅ ማድረግ ይፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ጥርሱ ነው። የጭቃ ጎማ ጥርስ ረጅምና የተራራቀ ነው። አስፋልት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ ይተጣጠፋል። የሚተጣጠፍ ላስቲክ ይሞቃል። ያ ሙቀት የገዛችሁት ናፍጣ ነው። ከሞጆ በኋላ የሚሰማው ኡኡታም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ቴፑን ከፍ አድርጌ ነበር የምነዳው። ሦስተኛው ወርዱና ቁመቱ ነው፤ የበለጠ ነፋስ ይመታል። አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ጎማው በ7 በመቶ ሲተልቅ ማርሹ በ7 በመቶ እንደረዘመ ቁጠሩት። ሜዳ ላይ ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ጥሩ ይመስላል። ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ግን በአምስተኛ ይወጣ የነበረው ዳገት አራተኛ ይጠይቃል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መርፌው ይወርዳል።

አዲስ ጎማ ለመግዛት መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ መኪናዬን ከሩቅ አይቶ፣ «እህቴ፣ ይሄን ውሰጂ፣ መኪናሽን ይመጥናል» ብሎ ሌላ 285 አወጣልኝ። አይ፣ 265/65 ነው የምፈልገው ስለው አዘነልኝ። ከዚያ የሚያብለጨልጭ 265/65 ይዞ መጣ። ጎኑን ጠረግ አድርጌ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ፊደል መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበብኩ። 3117። በ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ31ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ቀለም ስለተቀባ አዲስ ይመስላል። ላስቲኩ ግን ሸምግሏል። ቀጣዩ ሱቅ ሄድኩ። እባካችሁ ጎማ ስትገዙ እነዚያን አራት ቁጥሮች ሳታነቡ ብር አታውጡ።

ደግሞ የጭነት ቁጥሩን እዩ። የእኔ 112 ነው። አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ለአውቶሞቢል የተሠራ ርካሽ ጎማ በመጠን ቢገጥምም ይህን አይሸከምም። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ላይ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ከኤ እስከ ኢ የሚል የነዳጅ ደረጃ ያለበት ተለጣፊ አለ። ኤ ትንሽ ነዳጅ የሚበላው ነው። መርካቶ ውስጥ ተለጣፊው ያልተላጠ ከተገኘ እሰየው።

የወሰድኩት ታይላንድ የተሠራ፣ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ ኦል ቴሬን፣ ማለትም ለአስፋልትም ለአፈርም የሚሆን ጎማ ነው፤ ልክ በፋብሪካው መጠን፣ 265/65 አር17። የምርት ስሙን የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስል ነው። ስሙ ሳይሆን ዓይነቱ ነው ልዩነት የሚያመጣው። ውጤት፦ በሊትር 11.1። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት። ከ9.8 ወደ 11.1። በ1,000 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ ያህል ነው የተረፈው። በዛሬ ዋጋ አስሉት።

ከነዳጁ በላይ የወደድኩት ግን ዝምታውን ነው። ደንበኛ ስልክ ሲደውል «ምን አልሽ?» ማለት ቀረ። መሪው ቀለለ። የድሮው ጎማ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ይፍቅ ነበር፤ እሱም ቀረ። የጎደለው ነገር አንድ ነው። ሐምሌ ላይ ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ጥርሱ ቶሎ ይደፈናል። እንደ በፊቱ ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ አይወጣም። ፎር ዊል ቀድሞ ማስገባት፣ ነዳጅ ሳያቋርጡ በቀስታ መሄድ ይጠይቃል። ለእኔ ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ጥልቅ ጭቃ የሚያጋጥመኝ በዓመት ውስጥ ጥቂት ሳምንት ነው። የጭቃ ጎማዎቹን የገዛኝ ሰው ጅማ አካባቢ ቡና የሚያወጣ ነው። እሱ ቢጠቀምባቸው ያምርበታል። እዚያ ክረምቱ ረጅም ነው፣ መንገዱም ሌላ ነው።

መሃከለኛ መንገድ የሚፈልግም አለ። ባልደረባዬ ተመሳሳይ ሃይሉክስ ላይ 265/70 አር17 ኦል ቴሬን አድርጓል። ይህ 803 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፋብሪካው 3.4 በመቶ ብቻ ይበልጣል። አብረን ባቱ ደርሰን ስንመለስ የእሱ፣ ቆጣሪው ተስተካክሎ፣ 10.6 ሆነ። ምንም አይነካካም፣ ምንም አይቆረጥም። የሆዱ ከፍታ 13 ሚሊ ሜትር ተጨምሮለታል። ድንጋይ የሚበዛበት መንገድ ላለው ሰው ተገቢ ነው እላለሁ። ከዚያ በላይ መሄድ ግን ለመልክ ነው። ለመልክ መክፈልም መብት ነው፤ ብቻ «ለሥራ ነው» አይባል።

ስለ ጎማ ንፋስ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ርካሹ ማሻሻያ እሱ ስለሆነ። የአራቱም ጎማ ንፋስ በአማካይ አንድ ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) በወረደ ቁጥር ፍጆታው 0.2 በመቶ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። ግን እኛ ሰፈር ጎማ የሚሞላው በዓይን ነው። «ማዘር፣ ጠንከር ይበል ወይስ ለስለስ?» ይለኛል የጎሚስታው ልጅ። ጠንከር ማለት ስንት ነው? የራሴን መለኪያ ይዤ ስሄድ አንዱ ጎማ 24፣ ሌላው 38 ሆኖ አግኝቻለሁ። ልኩ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ለባዶና ለሙሉ ጭነት ለየብቻ። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ወደ ባሕር ጠረፍ የምትወርዱ ደግሞ እወቁት፦ አዲስ አበባ የሞላችሁት ጎማ ጅቡቲ ሲደርስ ከፍታው ብቻ ሦስት ፒኤስአይ ተኩል ያህል ያሳንሰዋል። የውጭ አየር ግፊት ስለሚበረታ ነው። የቆላው ሙቀት አብዛኛውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ደንግጣችሁ ወዲያው አትሙሉ፤ አድሮ ሲቀዘቅዝ ለኩ።

በሲጋራ መለኮሻው የሚሠራ ትንሽ የንፋስ መሙያ ገዝቻለሁ። ለዚህ መኪና ካወጣሁት ብር ሁሉ የማይቆጨኝ እሱ ነው። አሸዋማ መንገድ ላይ ጎማውን አስተንፍሼ እገባለሁ፣ አስፋልት ስደርስ እሞላለሁ። የጭቃ ጎማ የሚሰጠውን ጥቅም ግማሹን በዚህ አገኘሁት።

ስለሌሎቹ ቶሎ ቶሎ። የኋላ ስፖንዳውን አውርዶ መንዳት ነዳጅ አይቆጥብም። ስፖንዳው ሲዘጋ ጭነት ቦታው ላይ የሚሽከረከር አየር ይፈጠርና ከጣራ የሚመጣው ነፋስ በላዩ ያልፋል። ሲከፈት ያ ይበላሻል። ሸራ ማልበስም ሞክሬ ለውጥ አላየሁም፤ ዕቃ ከአቧራ ስለሚያድን ግን ትቼዋለሁ። ስኖርክል፣ ሞተሩ አየር ከላይ የሚስብበት ቧንቧ፣ ወንዝ ለሚሻገር ነው፣ ለነዳጅ አይደለም። «ኮምፒውተሩን እናስተካክልልሽ፣ ኃይልም ይጨምራል ነዳጅም ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሰው ሲመጣ ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ።

መለዋወጫው ጎማ የረሳችሁት ነገር እንዳይሆን። የበፊቱ ባለቤት አራቱን ቀይሮ ስኮርታውን የፋብሪካ መጠን ላይ ትቶት ነበር። 285ቱ ከሥር ባለው ቦታ ስለማይመች ነው። አንዱ ጎማ ቢፈነዳ በአንድ ጎን 831፣ በሌላው 776 አድርጎ መሄድ ማለት ነው። የግራና የቀኙን ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ድፍረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል። በዚያ ላይ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ያስገባ ሰው የሚሰብረው ነገር ከጎማ ዋጋ በላይ ነው። ትልቅ ጎማ ከፈለጋችሁ አምስት ግዙ፣ አምስተኛውን የምታስቀምጡበትንም አስቡ።

የብረት ፓራውልቱን አላወለቅሁትም። ከባድ ነው፤ በ45 ኪሎ አንድ በመቶ ያህል ነዳጅ ይበላል። ነገር ግን መቂ አካባቢ ሲመሽ አህያና ከብት ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። ያን አንድ በመቶ እያወቅሁ ነው የምከፍለው።

የቀረው ከፍ የተደረገው ነገር ነው። ከፍ ያለ መኪና በሆዱ ሥር ብዙ ነፋስ ያስገባል፤ አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቋም ልክ) ቶሎ ይሸሻል። አንዴ የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ አዘንብለው ጥርሳቸውን በአንድ ጎን ሲበሉ ደርሼባቸዋለሁ። እንዲህ የሚሄድ ጎማ ራሱን እየጎተተ ስለሆነ ናፍጣም አብሮ ይበላል። ለማውረድ ጋራዥ ጠየቅሁ። የነገሩኝ ዋጋ ከሁለት ጎማ ይበልጣል። ለጊዜው በየአገልግሎቱ አላይመንት እያስለካሁ እንዲሁ እነዳዋለሁ።